ቤት ለሌለው ሰው ስለ ጤና ምን እንንገረው?

በገፈርሳ ለተሰበሰቡ እናቶችና ቤተ ሰቦች የተደረገ ንግግር



ከዚህ ቀደም በዚሁ ቦታ ተሰብስበን ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ አቆፋፈር፣ ስለ መጠጥ ውሃ፣ ስለ ዝንብና ስለ ሕፃናት ተቅማጥ ተነጋግረናል። ያን ጊዜ የተናገርሁት ሁሉ ቤት ላለው ሰው ነበር። ዛሬ የምናገረው ግን ቤት ስለሌለው ሰው ነው። «ታዲያ ይህ እኛን ምን ያገባናል? እኛ እንደ አቅማችን ጎጆ አለን» የሚል ሰው ቢኖር አልቀየመውም። እስከ መጨረሻው ቢያዳምጠኝ ግን ነገሩ በገዛ ደጃፉ እንደሚገባ ያየዋል።

እንደምታውቁት ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚወስደው መንገድ በአጠገባችን ያልፋል። በዚህ መንገድ ዳርና ዳር፣ በሱቅ በረንዳ፣ በቤተ ክርስቲያን አጥር ጥግ፣ ባላለቀ ሕንጻ ውስጥ የሚያድሩ ሰዎች አሉ። የሚበዙት ሥራ ፍለጋ ከገጠር የወጡ ወጣቶች ናቸው። ቀን ድንጋይ ሲሸከሙ፣ ሲሚንቶ ሲያቦኩ ይውሉና ያገኙት ገንዘብ ለምግብ እንጂ ለቤት ኪራይ አይበቃቸውም። ሕፃን ያዘሉ ሴቶችም አሉ፤ ጧሪ ያጡ ሽማግሌዎችና ባልቴቶችም አሉ። አእምሮአቸው የታወከም አሉ፤ እነዚህን ልጆች በድንጋይ ሲያባርሩአቸው ዝም ብለን እናያለን እንጂ፣ ሕመማቸው እንደ ሌላው ሕመም ሐኪም እንደሚያየው፣ እዚሁ ገፈርሳ ውስጥም ለአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ ማዕከል እንዳለ አናስብም።

ሜዳ ላይ የሚያድር ሁሉ ሰነፍ ነው የሚሉም አይጠፉም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢዋ በተነሣው ሁከት ብዙ ሺህ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ሸሽተው በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተጠልለው ነበር። ከእነርሱ መካከል ባለ ሱቅ፣ ባለ ሙያ፣ ባለ ከብት ነበረበት። ቤት በአንድ ሌሊት የሚታጣ ነገር ነው። በአገር ቤት ለመሸበት እንግዳ በር የምንከፍተውም እኮ ይህን ስለምናውቅ ነው።

እንግዲህ ለእነዚህ ወገኖች የጤና ትምህርት መስጠት ተገቢ መሆኑን ሁላችንም እንስማማለን። ችግሩ ምን እንንገራቸው የሚለው ነው። በዚህ ረገድ እኔ ራሴ እንዴት እንደ ተሳሳትሁ ልንገራችሁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድሁት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። ሸሚዜን ተኩሼ፣ የሥዕል ሰሌዳዬን ይዤ፣ ርእሴን «የቤት ንጽሕና» ብዬ ሰይሜ ቆምሁ። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ አልሁ። ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ አልሁ። ምግባችሁን ከዝንብ ክደኑ፣ መኝታችሁን ፀሐይ አስመቱ፣ መስኮት ክፈቱ አልሁ። «መስኮት ክፈቱ» ስል ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። እኔ ግን የሳቁበት ምክንያት ወዲያው አልገባኝም። ጥቂት ቆይቶ አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ መጣና ሾፌሩ አውራጅ ሲጠራ ከአድማጮቼ ግማሾቹ ብድግ ብለው ሮጡ። ለካስ አንድ ሰዓት ማለት የቀን ሥራ የሚገኝበት ሰዓት ኖሯል! ያን ሰዓት እኔን ሲያዳምጥ ያሳለፈ ሰው ማታ ጦሙን ያድራል። ከቀሩት መካከል አንዲት ባልቴት ነጠላቸውን እያጣፉ «ልጄ፣ ያልኸው ሁሉ መልካም ነው። ግን ሁሉም የቤት ነው። ቤቱንስ መቼ ታመጣልን?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ሥዕሌን ጠቅልዬ ተመለስሁ።

ያን ዕለት የተናገርሁት ሐሰት አልነበረም። እውነት ነው፤ ነገር ግን ለሌላ ሰው የተሰፋ ልብስ ነበር። ሳሙናና ማገዶ ለሌለው ሰው ስለ ሳሙናና ስለ ማፍላት መናገር፣ ለራበውም ስለ እንቁላልና ስለ ወተት ጥቅም መዘርዘር፣ ትምህርት መስሎን ይሆናል እንጂ በሰሚው ጆሮ እንደ ፌዝ ይሰማል።

ሁለተኛ የሄድሁት ማታ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሰዎቹ ካርቶናቸውን ማንጠፍ ሲጀምሩ ነበር። ሥዕል አልያዝሁም። ከሻይ ሻጭዋ ሻይና ዳቦ አስቀድቼ አብሬአቸው ተቀመጥሁ። ሽማግሌውን «አባባ»፣ ባልቴትዋን «እማማ» እያልሁ፣ «እርስዎ» እያልሁ ጠየቅሁ። ይህን የምነግራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። መንገድ ላይ የሚያድር ሰው ዕድሜው ሰባ ቢሆንም ሕፃኑም ፖሊሱም «አንተ ተነሣ» ይለዋል። በማዕረጉ የጠራችሁት ጊዜ ጆሮውን ይሰጣችኋል።

የጠየቅሁአቸው ሦስት ነገር ብቻ ነው። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሳችሁ ምንድር ነው? ባለፈው ክረምት ከመካከላችሁ የታመመው ማን ነው፤ ምንስ ሆኖ? አሁን በእጃችሁ ያለው ምንድር ነው? ለመጀመሪያው ጥያቄ አንዱ ብርድ አለ። ገፈርሳ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ እንደ መሆኑ ይህ አያስደንቅም። አንዱ ሳል አለ፤ አንዱ የእግር መሰንጠቅ አለ፤ አንዱ ጠባቂ በዱላ ሲቀሰቅሰኝ አለ። ከዚያ ዝም ዝም ሆነ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያችው «ቤቱንስ» ያሉኝ ባልቴት «ምን ትደብቃላችሁ? ቅማሉ ነዋ!» አሉ።

እኔም ቀጠል አድርጌ በኦሮምኛ ለሚናገሩት እንዲገባቸው «እንጅራን» አልሁ። ከወደ ጥግ እንቅልፍ የወሰደው አንድ ልጅ እንጀራ የመጣ መስሎት ብድግ አለ! ሁላችንም ሳቅን፤ እርሱም ሳቀ። ከሳቁ በኋላ ግን አፉን ያልከፈተ ሰው አልነበረም።

ለሁለተኛው ጥያቄ የሰጡኝ መልስ ከዚሁ ጋር ገጠመ። ባለፈው ሐምሌና ነሐሴ ብዙዎቹ በድንገት እየተንቀጠቀጡ፣ ራሳቸውን እየፈለጣቸው፣ መገጣጠሚያቸውን እየቆረጣጠማቸው ወድቀው ነበር። ጥቂት ቀን አቃጥሎአቸው በላብ ይለቃቸዋል፤ ዳንሁ ብለው ወደ ሥራ ይመለሳሉ፤ ሳምንት ያህል ቆይቶ እንደገና ይጥላቸዋል። ይህን በሽታ እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ግርሻ ነው። ሐኪሞች ተመላሽ ትኩሳት ይሉታል።

ርእሴ እንግዲህ በዚያች ማታ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ለራሴ አንድ መለኪያ አበጅቻለሁ። ሰሚው በዚያችው ሌሊት፣ በዚያው በተኛበት ቦታ፣ በእጁ ባለው ነገር ሊያደርገው የሚችለውን ካልነገርሁት ርእሴ አልተመረጠም እላለሁ። በዚህ መለኪያ የሚያልፉ ሌሎችም አሉ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለ ሰው አክታውን እንዲያስመረምር መንገር ይረባል፤ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በነጻ ነውና። ሕፃን ለታቀፈች እናት ስለ ጡት ወተት መንገር ይረባል፤ የእናት ጡት እሳት አይፈልግ፣ የተፈላ ውሃ አይፈልግ፣ ቤትም አይፈልግ። የሕፃናት ክትባትም ዋጋ አይጠየቅበትም። እነዚህን በሌሎች ማታዎች ተናግሬአለሁ። የመጀመሪያው ግን የቅማል ነገር ሆነ።

አሁን እናንተን ወደሚያገባው ደረስሁ።

ቅማል ሁለት ዓይነት ነው ብላችሁ ያዙት፤ የራስ ቅማልና የልብስ ቅማል። ግርሻን በዋናነት የሚያዛምተው የልብስ ቅማል ነው። ይህ ቅማል ኑሮው በገላ ላይ አይደለም፤ በልብስ ስፌትና እጥፋት ውስጥ ነው። ቅጫሙንም የሚጥለው እዚያው ነው። በቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ ወደ ገላ ወጣ እያለ ደም ይመጥና ወደ ስፌቱ ይመለሳል። ስለዚህ ገላውን ቢታጠብና ያንኑ ልብስ መልሶ ቢለብስ ሰውየው ምንም አልተጠቀመም። ልብስ መለወጫ የሌለው ሰው ቅማል የሚያፈራው ቆሻሻ ስለሚወድ አይደለም፤ አንድ ልብስ ብቻ ስላለው ነው። በክረምትም የሚብስበት ምክንያት ብርዱ ሰውን አንድ ላይ አስተቃቅፎ ስለሚያስተኛ፣ ልብስም ስለማይወልቅና ስለማይታጠብ ነው።

የግርሻ ተሕዋስ በሽተኛውን ከነከሰው ቅማል ሰውነት ውስጥ ይገባል። ታዲያ ወደ ሌላ ሰው የሚተላለፈው እንዴት መሰላችሁ? በንክሻው አይደለም። ቅማሉ ሲደፈጠጥ ከውስጡ የሚወጣው ፈሳሽ በተቧጠጠው ቆዳ ወይም በዓይን በኩል ሲገባ ነው። እኛ ደግሞ ልማዳችን ምንድር ነው? ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለን በሁለት አውራ ጣት ጥፍር ቀጭ ማድረግ! አንዳንዱማ በጥርሱ ይገድላል። ይህን ተዉት። ያገኛችሁትን ቅማል ወደ እሳት ወይም ወደ ፈላ ውሃ ጣሉት። ሲበላችሁም በጥፍር ከመፎከት ልብሱን አውልቆ ማራገፍ ይሻላል።

ሌላም ልታውቁት የሚገባ ጠባይ አለው። ቅማል ገላው የሚያቃጥል ትኩሳተኛን አይወድም፤ የሞተም ሰው ሲቀዘቅዝ ትቶት ይሄዳል። ትቶት የት ይሄዳል? አጠገቡ ወደ ተኛው። በአንድ ጋቢ ውስጥ ሦስት ሰው ተኝቶ አንዱ ሲታመም ሌሎቹ የሚከተሉት ስለዚህ ነው። ከሰው ገላ ተለይቶ ግን አንድ ሳምንት ያህል እንኳ አይቆይም፤ ይሞታል። ቅጫሙ ግን እስከ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሊፈለፈል ይችላል። ይህን ቁጥር አስታውሱት፤ በኋላ ይጠቅመናል።

ባለፈው ክረምት ከእነዚህ ልጆች አንዱ ትኩሳቱ በለቀቀው ቀን ጓደኞቹ ገንዘብ አዋጥተው አሳፍረውት ወደ እናቱ ቤት ሄደ። «የእናቴ ጓዳ ይሻለኛል» ብሎ ነው። እናትም ልጅዋን አቅፋ ተቀበለችው፤ ማን እናት አትቀበልም? በዚያች ሌሊት ከሁለት ታናናሽ ወንድሞቹ ጋር በአንድ ጋቢ ተኛ። እስዋም ከልብሱ ቅማሉን እየለቀመች በጥፍርዋ ገደለችለት። በአሥረኛው ቀን ግድም እርሱ ሲያገረሽበት ሁለቱ ልጆችና እናትየው አብረው ወደቁ። በቃሬዛና በበቅሎ ነበር ያመጡልን። ሁሉም በሕይወት ተርፈዋል። እናትየው ግን የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ፅንሱ ወረደባት። ግርሻ ነፍሰ ጡርን ሲይዝ ብዙ ጊዜ የሚያደርሰው ጉዳት ይህ ነው። ታሪኩን ለሌሎች እናቶች ተናገርልኝ ብላ የፈቀደችልኝ ራስዋ ናት። ልጄ ቅማል ይዞ መጣ ለማለት ግን እስከ ዛሬ ታፍራለች፤ የሚያሳፍር ነገር የለበትም ብላት አላመነችኝም።

ከመካከላችሁ ወንድ ልጅዋ ከተማ ለሥራ የሄደባት እናት እጅዋን ታውጣ ብል ስንት እጅ እንደሚወጣ አውቀዋለሁ። መንገድ ዳር የሚያድረውን ልጅ የሰው ልጅ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ የእናንተም ልጅ በሌላ ከተማ በሌላ ሰው ደጃፍ እያደረ ይሆናል።

ይህ በሽታ የድኻ አገር ብቻ፣ የእኛ ብቻ አይምሰላችሁ። ደግሞም ከግርሻ ሌላ ተስቦን፣ ይኸውም ታይፈስን፣ የሚያዛምተው ይኸው የልብስ ቅማል ነው። ሻርል ኒኮል የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በቱኒስ ከተማ ሆስፒታል ሲሠራ አንድ ነገር አስተዋለ። የተስቦ በሽተኛ ከሆስፒታሉ ደጃፍ ውጭ ሳለ የቀረበውን ሁሉ ያስይዛል፤ ልብሱን አስወልቀው፣ ገላውን አጥበው፣ የሆስፒታል ልብስ አልብሰው ካስገቡት በኋላ ግን አጠገቡ የተኙትን አይነካም። በሽታው ከደጃፉ ላይ የሚቀረው ከልብሱ ጋር ነው ማለት ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1909 ቅማል አስተላላፊ መሆኑን በሙከራ አረጋገጠ፤ በ1928 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። በአገራችንም ጦርነቱ ባበቃበት በ1983 ዓ.ም. ወታደሮች በየካምፑ ተጨናንቀው ሳሉ ግርሻ ወረርሽኝ ሆኖ ብዙ ሰው ጎድቶ ነበር። እንደ ፈረንጆች በ2015 ደግሞ ከአፍሪካ ቀንድ በስደት በተጓዙ ወጣቶች ላይ በኢጣሊያ፣ በጀርመንና በኔዘርላንድ ታየ። ሰው ቤቱን አጥቶ፣ ልብስ ሳይለውጥ፣ ተጨናንቆ በተኛበት ሁሉ ይከተለዋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ቅማልም ቅጫምም የሚሞተው በሙቀት ነው። ቀዝቃዛ ውሃ አይገድለውም። ልብስን በፈላ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት መቀቀል፣ ወይም አጥቦ ስፌት ስፌቱን በጋለ የከሰል ካውያ መተኮስ በቂ ነው። እዚህ ላይ የግድቡን ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። የገፈርሳ ግድብ ውሃ ከፊታችን ተንጣሎ ይታያል፤ አዲስ አበባ ከሚጠጣው ውሃ አንዱ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ልብሱን ወደዚያ ይዞ አይውረድ። ቅማሉን አይገድልለትም፤ የሰውን መጠጥ ግን ያቆሽሻል። ውሃ ከፊታቸው እያለ መታጠቢያ ያጡትን ሰዎች ሳይ ግን ነገሩ ሁልጊዜ ይከነክነኛል።

ማገዶ ለሌለው ሰው ሌላ ዘዴ አለ። ልብሱን በወፍራም ፌስታል ውስጥ ከቶ፣ አየር እንዳይገባ አጥብቆ አስሮ ሁለት ሳምንት ማስቀመጥ። ቅማሉ ደም አጥቶ ይሞታል፤ ቅጫሙም ቢፈለፈል የሚበላው የለም። ቅድም አስታውሱት ያልኋችሁ ቁጥር ለዚህ ነው። ይህ ዘዴ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለተኛ ልብስ። እነዚህ ሰዎች የሌላቸውም እርሱ ነው።

ስለዚህ በአንድ ጊዜ የብዙ ሰው ልብስ የሚያጸዳ ሌላ ዘዴ ላስረዳችሁ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1915 በሰርቢያ አገር ተስቦ ሕዝቡንም ወታደሩንም ሲፈጅ፣ ለእርዳታ የሄዱ የእንግሊዝ ሐኪሞች ባዶ በርሜል የልብስ ማጽጃ አደረጉ። እስከ ዛሬም ስሙ የሰርቢያ በርሜል ይባላል። አሠራሩ እንዲህ ነው። የበርሜሉ ግርጌ ላይ ብዙ ቀዳዳ ይበሳል። በርሜሉ ውሃ በሚንተከተክበት ጎላ ድስት ላይ ይቀመጣል። እንፋሎቱ በጎን እንዳያመልጥ በበርሜሉና በድስቱ መካከል በጨርቅ የተጠቀለለ አሸዋ እንደ ማስቀመጫ ዙሪያውን ይደረጋል። ልብሱ በርሜሉ ውስጥ በአግዳሚ እንጨት ላይ ላላ ተደርጎ ይሰቀላል፤ ተጨቅጭቆ ከታጨቀ እንፋሎቱ በውስጡ አያልፍም። ክዳኑ ገጥሞ ድንጋይ ይጫንበታል። እንፋሎቱ ከክዳኑ ሥር በኃይል መውጣት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ አንድ ሰዓት መቆየት አለበት። ድስቱ ውሃ እንዳያልቅበት ይጠበቃል። ቆዳ የሆነ ነገር፣ ቀበቶም ቢሆን ጫማ፣ አይግባ፤ ይኮማተራል። ወጥ ሠርታ ለምታውቅ ሴት ይህ ሁሉ ቀላል ነው፤ በመጀመሪያው ሙከራችን እሳቱን ያጠፋው ወንድ ነው፤ ማን እንደ ሆነ አልናገርም።

ጸረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት በርሜል ግን ፈጽሞ አይሆንም። ይህን ካነሣሁ ዘንድ፣ የእህል ነቀዝና የማሳ ተባይ መድኃኒት በልብስ ላይ ወይም በልጅ ራስ ላይ የሚነሰንሱ ቤተ ሰቦች አሉ። እናቶቼ፣ እባካችሁ! መርዙ በቆዳ ይገባል፤ ቅማሉን ሊያጠፋ የመጣ ልጁን ይገድላል።

ትኩሳት የያዘውን ሰው በተመለከተ አንድ ቀንም ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ መምጣት አለበት። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ወይም ነስር ከመጣበት ደግሞ ይበልጥ መቸኮል ያስፈልጋል። ካልታከሙት ከ100 ሰው ከ10 እስከ 40 የሚሆኑት ይሞታሉ፤ ከታከሙ ግን የሚሞቱት ከ2 እስከ 5 ናቸው። መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ከቆላ ሥራ የተመለሰ ልጅ ከሆነ ወባ ሊሆን ይችላልና ደሙ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ የግርሻም የወባም ተሕዋስ በዚያው መስታወት ላይ ይገኛል። በፈጣን የወባ ምርመራ ብቻ «ወባ የለብህም» ተብሎ የተመለሰ ሰው ግን ግርሻ የለብኝም ብሎ እንዳይቀመጥ።

ከመድኃኒቱ በኋላ የሚሆነውን ደግሞ አስቀድማችሁ ማወቅ አለባችሁ። መድኃኒቱን በወሰደ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ብርቱ ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ትኩሳቱ ከፊተኛው ይብሳል። ይህም ተሕዋሱ በአንድ ጊዜ ሲሞት የሚመጣ ነው። ብዙ ሰው «ሐኪሞቹ ሊገድሉኝ ነው» ብሎ ከአልጋው ተነሥቶ የሚጠፋው ያን ጊዜ ነው። በጣም የሚያሰጋውም ሰዓት ይኸው ነው። ስለዚህ በሽተኛው ያን ቀን በጤና ጣቢያ መቆየት አለበት፤ አስታማሚም ቢኖረው መልካም ነው። መንገድ ዳር የሚያድር ሰው አስታማሚ ከየት ያመጣል? ባለፈው ክረምት ከቡና ጠጪዎች ማኅበር ሁለት እናቶች ተራ ገብተው አንድ ልጅ አስታመው ነበር። እነርሱም ምንም አልሆኑም፤ ልብሱ አስቀድሞ ተወልቆ፣ ገላውም ታጥቦ ነበርና።

በየቤታችሁ ልታደርጉት የሚገባው ከዚህ ሁሉ ይከተላል። ልጃችሁ ከከተማ ሲመጣ አቅፋችሁ ተቀበሉት፤ ከእቅፉ በኋላ ግን ከመኝታ በፊት ሙቅ ውሃ አቅርቡለት፤ የአባቱን ልብስ አልብሱት፤ የመጣበትን ልብስ በዚያችው ሌሊት በፈላ ውሃ ዘፍዝፉት። ለመሸበት እንግዳም እንዲሁ። ጥንት እግር እናጥብ አልነበረም እንዴ? ልማዱን ትንሽ ከፍ ማድረግ ነው እንጂ ሰውን ማዋረድ አይደለም። እንግዳውን ለብቻው አንድ ጋቢ ስጡት፤ ልጆችን ከእርሱ ጋር በአንድ ጋቢ አታስተኙ። ከገበያ የገዛችሁትንም ሰልባጅ ልብስ ሳታጥቡና ሳትተኩሱ ለልጅ አታልብሱ። በአጥራችሁ ጥግ የሚያድሩትን ሰዎች ቅማል ያመጡብናል ብላችሁ አታባርሩአቸው። ቢባረሩ ከአንዱ አጥር ወደ ሌላው አጥር ይሄዳሉ፤ በሽታውም አብሮአቸው ይዞራል። ባሉበት ልብሳቸው ቢጸዳ ግን ያበቃል።

በርሜሉ ተገኝቷል። አንድ የጋራዥ ባለቤት ሰጥተውናል፤ ግርጌውንም በስተውልናል። የሚቀመጠው ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው። ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እሳት ይነድዳል፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሆነው የቀን ሥራ ጋብ ስለሚል ነው፤ ሰዓቱን የመረጡትም እነርሱ ራሳቸው ናቸው። ልብሳቸው በርሜል ውስጥ ሳለ የሚለብሱት ነገር ያስፈልጋል። ስለዚህ ከየቤቱ አንድ ንጹሕ አሮጌ ልብስ፣ ጋቢም ቢሆን ካፖርት፣ እንዲሁም አንድ እቅፍ የባሕር ዛፍ ጭራሮ እለምናችኋለሁ። ልብሱ ቀዳዳ ካለው አይጎዳም፤ ካልታጠበ ግን አልቀበልም።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ሴቶቹ ልብሳቸውን የሚለውጡበትና ገላቸውን የሚታጠቡበት መጋረጃ የለም። ያችኑ ባልቴት ጠይቄ «እኔስ አርጅቻለሁ፤ ወጣቶቹ ሴቶች ግን ያለ መጋረጃ አይመጡልህም» ብለውኛል። አራት እንጨት ተተክሏል፤ የጎደለው ሰሌን ነው። ሰሌን ያላት እናት እስከ ዓርብ ማታ ለወፍጮ ቤቱ ዘበኛ ብትሰጥ ቅዳሜ ሴቶቹም አብረው ይጀምራሉ።